ቢላ ያልነካው ቁርስ

እትዬ ባሕር ዳር ውስጥ ምሳ ቤት ከከፈቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። የእህታቸው ልጅ እዚያው ባሕር ዳር የመርከብ ምሕንድስና ተምሮ ኬሚካል በሚያመላልሱ መርከቦች ላይ ይሠራል፤ ሥራው ደጋግሞ ወደ ካሪቢያን ደሴት፣ ወደ ትሪኒዳድ ይወስደዋል። ጨዋታው ከምሳ ሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ጭር ሲል የተደረገ ነው። ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እትዬ፦ ያን ሁሉ ውቅያኖስ አቋርጠህ ሄደህ፣ መጥተህ የምታወራኝ ስለ ሽምብራ ነው?

መርከበኛው፦ ምን ላድርግ እትዬ፣ አገሩ ራሱ የሚያወራው ስለ ሽምብራ ነው። መርከባችን የሚጠጋው ፖይንት ሊሳስ የሚባል ወደብ ነው፤ አሞኒያና ሜታኖል የሚጫንበት፣ ቧንቧና ጭስ ማውጫ የሞላው ሰፈር። የካሪቢያን ደሴት ሲባል ሰው ነጭ አሸዋና የኮኮናት ዛፍ ይመጣበታል፤ እዚያ የሚታየው ፋብሪካ ነው። ከወደቡ ወጥተው ዋናው መንገድ ሲደርሱ ግን አንድ ጃንጥላ፣ ከሥሩ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ሳጥን ያያሉ። ከሳጥኑ ፊት ሰው ተሰልፏል። ገና ጎሕ ሲቀድ ነው የምልዎ።

እትዬ፦ ምን ሊበላ ነው በዚያ ሌሊት?

መርከበኛው፦ ዳብልስ። ሁለት የተጠበሰ ስስ ዳቦ፣ በላዩ በካሪ ቅመም የተሠራ ሽምብራ። ዳቦውን ባራ ይሉታል፣ ሽምብራውን ቻና።

እትዬ፦ ቦንቦሊኖ በሽምብራ በለኛ!

መርከበኛው፦ ቦንቦሊኖ ወፍራምና ጣፋጭ ነው። ይሄ ስስ ነው፣ ጣፋጭም አይደለም።

እትዬ፦ ሊጡን ንገረኝ። እርሾ አለው?

መርከበኛው፦ አለው። የስንዴ ዱቄት፣ እርድ፣ ትንሽ ከሙን፣ እርሾ፣ ጨው። ውሃው በዛ ስለሚል እጅ ላይ ይጣበቃል። መዳፋቸውን ዘይት ቀብተው ጠፍጥፈው የጋለ ዘይት ውስጥ ይጥሉታል። ነፋ ሲል ገልበጥ፣ ከዚያ ቶሎ ማውጣት ነው፤ እስኪቀላ አይጠብቁትም። ትኩሱን ደራርበው በጨርቅ ሸፍነው ሳጥን ውስጥ ይከቱታል።

እትዬ፦ በራሱ እንፋሎት እንዲለሰልስ ነው። ገባኝ። ሽምብራውንስ ይከኩታል?

መርከበኛው፦ አይከኩትም፣ ሙሉውን ነው። ተዘፍዝፎ ያድርና ይቀቀላል፤ ከዚያ በነጭ ሽንኩርትና በቅመም ይሠራል። ከፊሉ እንዲፈርስ ይተዉታል፤ መረቁን የሚያወፍረው እሱ ነው። ሻጩ መዳፉ ላይ ሰም የተቀባ ወረቀት ይዘረጋል፣ ሁለቱን ባራ ገጭ ገጭ ያደርጋል፣ ሽምብራውን በማንኪያ ያፈስበታል። ከዚያ ቀና ብሎ ሳያይዎ «በርበሬ?» ይላል።

እትዬ፦ አንተስ ምን አልክ?

መርከበኛው፦ «ስላይት» ይባላል፣ ትንሽ ማለት ነው። የእነሱ ትንሽ ግን የእኛ ትንሽ አይደለም። ከትሪኒዳድ ደቡብ ሞሩጋ የምትባል መንደር አለች። በስሟ የሚጠራውን ቃሪያ የኒው ሜክሲኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 የዓለም ኃይለኛው ነው ብለውት ነበር፤ በኋላ ሌሎች በለጡት እንጂ። ዳብልስ ላይ የሚጨምሩት የዕለት በርበሬያቸው የዚያን ያህል አይደለም፤ ቢሆንም በሚጥሚጣ ያደገ ሰው ነኝ ብሎ መጀነን አያዋጣም። በላዩ ላይ የተፋቀ ኪያር፣ ከሁመር ፍሬ የሚሠራ ጣፋጭም ኮምጣጣም ማባያ፣ በሰናፍጭ ዘይት የታሸ ጥሬ ማንጎ፣ ሻዶ ቤኒ የሚሏት የድንብላል ቅጠል የምትሸት ግን ከሱ የበረታች ቅጠል ይጨመራል። ወረቀቱን ጠቅልሎ ጫፉን ጠምዘዝ አድርጎ ይሰጥዎታል። ሹካ የለ፣ ሳህን የለ። ሸሚዝዎ ላይ እንዳይንጠባጠብ ጎንበስ ብለው በጣትዎ መብላት ነው።

እትዬ፦ ቆሞ?

መርከበኛው፦ ቆሞ።

እትዬ፦ እጅ ሳይታጠቡ፣ ወንበር ሳይሰጣቸው፣ መንገድ ላይ! ያሳደገችህ እናትህ ይህን ብትሰማ ምን ትላለች? ሰው ቤትህ ሲመጣ ተቀመጥ ካላልከው፣ ያበላኸው ወርቅም ቢሆን አላበላኸውም።

መርከበኛው፦ እሱ እንግዳ ነው እትዬ። እዚያ ግን እንግዳ የለም። ሰውየው ወደ ሥራ እየሄደ ነው። አንድ ይበላል፣ ሁለተኛ ይጨመርለታል፣ አፉን ይጠርጋል፣ ይሄዳል። ለማስቀመጥ ቤት ቢከራዩ የቤቱ ኪራይ ዳብልሱ ላይ ይመጣል። አሁን አንዱ በአሜሪካ ገንዘብ አንድ ዶላር ገደማ ነው፤ ሁለት ከበሉ እስከ ምሳ አይርብዎትም። ሒሳቡ ደግሞ የሚከፈለው መጨረሻ ላይ ነው።

እትዬ፦ ማን ቆጥሮ?

መርከበኛው፦ በላተኛው ራሱ ስንት እንደበላ ይናገራል። ሻጩም አንድ እጁ እያጠፈ፣ ሌላው መልስ እየሰጠ፣ ማን ስንት እንደበላ አይጠፋውም።

እትዬ፦ እኔ ቤት አንድ ሳምንት ብሞክረው በሳምንቱ በሩን እዘጋ ነበር። ደግሞስ ስንት ሰዓት ተነስተው ነው ለንጋት የሚያደርሱት?

መርከበኛው፦ ሌሊት በስምንት፣ በዘጠኝ ሰዓት የሚነሱ አሉ። አብዛኛው የቤተሰብ ሥራ ነው። አንዱ ይጠብሳል፣ አንዱ ሽምብራውን ይይዛል፣ ሌላው ኪያር ይፍቃል። ረፋድ ላይ ሳጥኑ ባዶ ይሆንና ጃንጥላው ይታጠፋል። ማታ ደግሞ ሌሎች ይወጣሉ፤ ዋና ከተማው ፖርት ኦፍ ስፔን ውስጥ ሴንት ጄምስ የሚባለው ሰፈር እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላም ይበላበታል።

እትዬ፦ ይሄንን አከብራለሁ። በዘጠኝ ሰዓት የተነሳች ሴት እጇን አውቀዋለሁ። ግን ይሄ ምግብ ከየት መጣ? እርድ፣ ከሙን፣ ሽምብራ... የህንድ ነው የሚመስለኝ።

መርከበኛው፦ የህንድ ልጅ ነው፣ የተወለደው ግን እዚያ ነው። እንግሊዞች ደሴቲቱን ከስፔን የወሰዱት በ1797 ነው። ሸንኮራ አገዳውን የሚያለሙት በአፍሪካውያን ባሮች ነበር። ባርነት በሕግ በ1834 ቀረ ቢባልም እስከ 1838 ድረስ «ለልምምድ» በሚል ስም እንዲሠሩ ተገደዱ። ነፃ ሲወጡ ብዙዎቹ እርሻውን ትተው ሄዱ። ማን ይቆይ? የእርሻ ባለቤቶቹ ሌላ ርካሽ ጉልበት ፈለጉና ከህንድ በኮንትራት ሰው ማስመጣት ጀመሩ። የመጀመሪያዋ መርከብ ፋቴል ራዛክ የደረሰችው ግንቦት 30 ቀን 1845 ነው፤ ዛሬም ቀኑ በዓል ነው። እስከ 1917 ድረስ ከ140,000 በላይ ሰው መጣ። ውሉ ባብዛኛው አምስት ዓመት ነበር፤ ሲያልቅ የተመለሰ አለ፣ አብዛኛው ግን እዚያው ቀረ።

እትዬ፦ ዳብልስንም እነሱ ይዘውት መጡ።

መርከበኛው፦ የተጠበሰ ዳቦና ሽምብራ አብሮ መብላቱን ነው ይዘው የመጡት። ዳብልስ የሚባለውን በ1936 ፕሪንስስ ታውን በምትባል የደቡብ ከተማ ኢማሙል ዲን የሚባል ሰው ጀመረው ይባላል። መጀመሪያ የሚሸጠው የተጠበሰ ሽምብራ በወረቀት ነበር። ቀጥሎ ወጥ የሆነውን ሽምብራ በአንድ ባራ ላይ አድርጎ ሸጠ። ደንበኞቹ ባራውን ሁለት አድርግልን እያሉ ነው ስሙ የወጣለት። በብስክሌት ላይ ሳጥን ጭነው እየዞሩ መሸጥም ለረጅም ጊዜ የሻጮቹ ወግ ነበር።

እትዬ፦ ሽምብራውን እዚያው ያበቅሉታል?

መርከበኛው፦ አንድ ፍሬ አያበቅሉም። ስንዴም አያበቅሉም። ሁለቱም በመርከብ ነው የሚገቡት።

እትዬ፦ ከአፍሪካ በሽምብራ አንደኛ እኛ ነን ሲሉ በሬዲዮ እሰማለሁ። እኛ ሽሮ ላይ ቆመናል፣ እነሱ ያላበቀሉትን የአገር ምግብ አደረጉት! ታዲያ ዱቄት ሲወደድ ምን ይውጣቸዋል?

መርከበኛው፦ የዱቄት ዋጋ ሲጨምር ዳብልስ ስንት ሊገባ ነው የሚለው የጋዜጣ ወሬ ይሆናል። ሰው ስለ ነዳጅ ዋጋ የሚያማርረውን ያህል በዳብልስ ዋጋም ያማርራል። ሻጮቹ ቢጨምሩ ደንበኛ ይቆጣል፣ ባይጨምሩ ባራው ያንሳል።

እትዬ፦ ያ ነገር እኔም ዘንድ አለ፤ እንጀራዋን አሳንሳለች እያሉ ያሙኛል። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቅድም ስትነግረኝ እየቆጠርኩ ነበር። ቅቤ አላልክም። ወተት አላልክም። እንቁላል አላልክም። ሥጋማ የለም።

መርከበኛው፦ የለም። የሚጠበሰውም በአትክልት ዘይት ነው።

እትዬ፦ ታዲያ ሰልፉ ላይ ማን ማን ነው የሚቆመው?

መርከበኛው፦ ሁሉም ነው። ሚኒስትር አጠገቤ ቆሞ አይቻለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ክራባት ያሰረ የባንክ ሠራተኛ፣ ቦቲ የተጫማ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ፖሊስ፣ ነርስ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ ግን ዘወትር አለ። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ከህንድ የመጡት ዘሮች 35.4 በመቶ፣ ከአፍሪካ የመጡት 34.2 በመቶ ነበሩ፤ የተቀላቀለ ነኝ ያለውም ከአምስት ሰው አንድ ይበልጣል። ካቶሊክ አለ፣ ሂንዱ አለ፣ ፕሮቴስታንት አለ፣ ሙስሊም አለ።

እትዬ፦ አየህ፣ መልሱ እዚያ ነው። አንተ ቆመው ስለሚበሉ፣ ርካሽ ስለሆነ እያልክ ትደክማለህ። እኔ በዚህ ሥራ ስኖር ያወቅሁት አንድ ነገር ሰውን ከሰው የሚለየው ቢላ መሆኑን ነው። እዚህ አገር ሁለት ጓደኛሞች፣ አንዱ ክርስቲያን አንዱ ሙስሊም፣ ለምሳ ይመጣሉ። አንድ ትሪ ላይ አብረው ሊበሉ ከፈለጉ ምን ያዛሉ? ሽሮ። ምስር። ሥጋ ከሆነ ማን ባረከው፣ ማን አረደው ይመጣል። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ደግሞ ድስቴን ለሁለት እከፍላለሁ፤ የጾሙ ማንኪያ የፍስኩን ከነካ ወጡ ተበላሸ። ያ ሳጥን ውስጥ ያለው ግን ማንንም የሚያስቀይም ነገር የለውም። ሂንዱ ላም አይበላም አይደል?

መርከበኛው፦ አይበላም፣ ብዙዎቹ ከነጭራሹ ሥጋ የማይበሉባቸው ቀኖችም አሏቸው። ሙስሊሙ አሳማ አይነካም። ራስታዎቹ ደግሞ አይታል የሚሉት አበላል አላቸው፤ ብዙዎቹ ሥጋ አይቀምሱም፣ ጨው የሚተዉም አሉ። ካቶሊኩም በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ ሥጋ ይተዋል።

እትዬ፦ ስለዚህ ሁሉም ሳይጠይቅ የሚበላው እሱን ብቻ ነው ማለት ነው። ሰልፉን ያቆመው ቢላ አለመኖሩ ነው።

መርከበኛው፦ ይሄን እዚያ ኖሬ አላሰብኩትም። ግን ብዙ እንዳናጋንነው። ሰልፉ ላይ አብሮ የቆመው ሰው ምርጫ ሲመጣ ባብዛኛው በየዘሩ ነው የሚመርጠው። ኤሪክ ዊልያምስ በ1956 ያቋቋመው ፓርቲ የአፍሪካውያኑ ዘሮች ፓርቲ ተደርጎ ይታያል፤ ከህንድ ወገን የሆነ ጠቅላይ ሚኒስትር የመጣው በ1995፣ ባስዴዮ ፓንዴይ ነው። ከነፃነታቸው ከ1962 ጀምሮ ቢቆጥሩ ሠላሳ ሦስት ዓመት መሆኑ ነው። በምርጫ ሰሞን የሚባለውን ቢሰሙ ዳብልስ አንድ አድርጎናል የሚለውን የቱሪስት ወሬ ይንቁታል።

እትዬ፦ እኔ መች አንድ አደረጋቸው አልኩ። አብረው ቁርስ ይበላሉ ነው ያልኩት። ፓርላማውን የሽምብራ ሻጩ ላይ አትጫንበት።

መርከበኛው፦ እሺ፣ እቀበላለሁ።

እትዬ፦ ራስታ ስትል ግን፣ ጃንሆይ ጃማይካ ሲሄዱ ሕዝቡ አውሮፕላኑን ከቦ አላስወርድ አላቸው ይባላል።

መርከበኛው፦ እውነት ነው። ከጃማይካ በፊት የሄዱት ግን ትሪኒዳድ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 10 ቀን 1958 ዓ.ም. ገቡ፤ የተቀበሏቸው ያው ኤሪክ ዊልያምስ ናቸው። ወደ ኪንግስተን የበረሩት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ስለ ጃማይካው ብዙ ይወራል፣ የትሪኒዳዱን የሚያነሳው ጥቂት ነው። እዚያ ኢትዮጵያዊ ነኝ ስል ስለ እሳቸው የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም።

እትዬ፦ መቼም ሰው በዳብልስ ብቻ አይኖርም። ምሳቸው ምንድነው? ማምሻውንስ የት ያሳልፋሉ?

መርከበኛው፦ ምሳው ብዙ ነው፣ አልዘርዝረው። ከተከካ አተር ዱቄት ጋር የሚጋገር ሮቲ አለ፣ በተቃጠለ ስኳር ቀልቶ ከሩዝና ከርግብ አተር ጋር በአንድ ድስት የሚበስል ዶሮ አለ። እሑድ እሑድ ካላሉ ይበላል፤ የጎደሬ ቅጠል ከባሚያና ከኮኮናት ወተት ጋር ተቀቅሎ የሚፈጭ።

እትዬ፦ የጎደሬ ቅጠል! ደቡቦቹ ሥሩን ነው የሚበሉት ሲባል እሰማ ነበር።

መርከበኛው፦ እነሱ ሁለቱንም ይበላሉ። ማምሻውን ስላሉኝ ግን፣ እዚያ «ላይም» የሚባል ነገር አለ። ከሰው ጋር ያለ ቀጠሮ፣ ያለ ጉዳይ፣ ሰዓት ሳያዩ መዋል ነው። ቦታው ራም ሾፕ ሊሆን ይችላል፤ ከፊት ለፊት ሸቀጥ የሚሸጥ፣ ከጎኑ ራም የሚቀዳ ትንሽ ሱቅ። ዶሚኖ ይጫወታሉ፣ ኦል ፎርስ የሚሉትን ካርታ ይጫወታሉ፤ አራት ሆነው ሁለት ሁለት ይቧደናሉ፣ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። ከመጠጡ ጋር በትንሽ ሳህን በከሙን የተጠበሰ ሥጋ ወይም በሎሚና በኪያር የተዘፈዘፈ የዶሮ እግር ይመጣል።

እትዬ፦ የዶሮ እግር? እሱን እንኳን ይቅርብህ።

መርከበኛው፦ ቀምሼዋለሁ። ሎሚው ያድነዋል። ከሁሉ የምወደው ግን ፓን ያርድ ነው። ስቲል ፓን የሚባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ያውቁታል፤ ከነዳጅ በርሜል የሚሠራው። የፖርት ኦፍ ስፔን ድሃ ሰፈሮች ልጆች ናቸው በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የፈጠሩት። ከዚያ በፊት እንግሊዞች ከበሮ ከልክለዋቸው ነበር፤ የቀርከሃ ግንድ መሬት ላይ እየመቱ፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ እየመቱ ነው እዚያ የደረሱት። እያንዳንዱ ሰፈር ባንዱ አለው፣ ባንዱም ግቢ አለው። ካርኒቫል ሲቃረብ፣ በጥርና በየካቲት ማለት ነው፣ ማታ ማታ ይለማመዳሉ። መቶ ሰው ገደማ በአንድ ጊዜ ይመታል። ግቢው በር ላይ ትኬት የሚል የለም፤ ማንም ገብቶ ቆሞ ይሰማል። አንዱን ክፍል አሥር ጊዜ ይደጋግሙታል፣ ያቆማሉ፣ እንደገና። ሕፃናት ይሯሯጣሉ፣ አዛውንት ወንበር ይዘው መጥተው ይሳሳታሉ ያሏቸውን ያርማሉ። ከግቢው ደጅ ትልቅ ድስት ይጣዳል፤ በቆሎው ከነቆረቆንዳው ተቆራርጦ ከተከካ አተርና ከድፍን ሊጥ ጋር የሚፈላ ሾርባ ነው። እሱን በኩባያ ይዘው መስማት ነው። ቱሪስት ቢመጣ አያባርሩትም፣ ግን ለእሱ ብለው ልምምዱን አያሳጥሩም፣ አያስረዝሙም።

እትዬ፦ ደስ የሚለኝ እሱ ነው። እዚህ ሐይቁ ዳር ያሉትን ቤቶች አታይም? ለፈረንጅ ብለው በርበሬውን ቀነሱ፣ ዓሣውን አጥንቱን አወጡ፣ ሜኑውን አስረዘሙ። ፈረንጁ መምጣት ሲያቆም አገሬው ወጥ አይደለም ብሎ አልገባላቸው አለ።

መርከበኛው፦ ትሪኒዳድን ያዳናት ይሄ ይመስለኛል። ኑሮዋ በነዳጅና በጋዝ ነው እንጂ እንደ ብዙዎቹ የካሪቢያን ደሴቶች በቱሪስት አይደለም። ለእንግዳ የሚሆን ምግብ መሥራት ግድ አልሆነባትም። ሻጩ ምን እንደሆነ አያስረዳዎትም፣ ፎቶ ተነሱ አይልዎትም። ሰልፉ ረጅም ነው፣ በርበሬ ምን ያህል እንደሚፈልጉ ወስነው ይድረሱ፣ በቃ። ጎረቤቷ ቶቤጎ ላይ ትንሽ ይለያል፤ እሷ ቱሪስት አለባት። እዚያም ቢሆን ስቶር ቤይ ላይ ሴቶቹ የሚሸጡትን ሸርጣን በካሪ ከነሙሉ ጥፍሩ ነው የሚያቀርቡት፤ እየሰበሩ መብላት የበላተኛው ፋንታ ነው።

እትዬ፦ ባሕር ዳርቻስ አይሄዱም? ደሴት አይደል?

መርከበኛው፦ ይሄዳሉ። በሰሜን ማራካስ የሚባል የባሕር ወሽመጥ አለ፣ ተራራውን ዞሮ የሚወርድ መንገድ አለው። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቻጓራማስ የሚባለውን ወገን ለጦር ሰፈር ሲወስዱ ሕዝቡ የሚዋኝበት ዳርቻ ተዘጋበት፤ በምትኩ የሠሩላቸው መንገድ ነው። ማራካስ ላይ ቤክ ኤንድ ሻርክ ይበላል፤ የተጠበሰ ዳቦ ውስጥ የሻርክ ሥጋ። ዳቦውን ከተቀበሉ በኋላ ረጅም ጠረጴዛ ላይ የተደረደረውን ማባያ ራስዎ እየቀዱ ይጨምራሉ፤ የነጭ ሽንኩርቱ፣ የሁመሩ፣ የሻዶ ቤኒው፣ አናናሱ ሳይቀር። ለእሑድ ቀን ጥሩ ነው። እኔ ግን አሁን አሁን ሌላ ዓሣ ነው የማዘው። ሻርኩ በዓለም ላይ እያለቀ ነው፤ ለባሕር የሚቆረቆሩ ሰዎች ሻጮቹ በሌላ ዓሣ እንዲተኩት ሲወተውቱ ቆይተዋል፣ በሌላ ዓሣም የሚሸጡ አሉ። ለሻጩ ከባድ ነው፣ ስሙ ራሱ ሻርክ ነው። ቢሆንም ጣዕሙ ያለው ከማባያው ላይ ስለሆነ ዓሣው ቢቀየር በላተኛው ብዙ አይጎዳም።

እትዬ፦ ሻርክ ቀርቶ ዓሣም ቢሆን በጾም አልበላም። የሚበሉ አሉ፣ እኔ ግን ከአባቴ ቤት ያላየሁትን አልጀምርም። ሽምብራዋን ግን ላንሳልህ። ብሞክራት ምን ያስቸግረኛል?

መርከበኛው፦ ሽምብራው አያስቸግርዎትም። ባራው ነው። ዱቄቱ ጠንካራ ከሆነ ይደርቃል፣ ዘይቱ ካልጋለ ይጠጣዋል። ሻዶ ቤኒውን በድንብላል ቅጠል መተካት ይቻላል። ማንጎው አለ፣ ሰናፍጩ አለ፣ ሚጥሚጣው አለ።

እትዬ፦ ወንበርም አለኝ። እኔ ቤት ቆሞ የሚበላ የለም፤ እሱን አትከራከረኝ።

መርከበኛው፦ አልከራከርዎትም። ከእኛ መርከበኞች ወይም ከዘመድ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካለ ግን ይህን ይንገሩልኝ። ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ይውጣ፣ በኋላ ሳጥኑ ባዶ ነው። ዝርዝር ብር ይያዝ። ታክሲ ነጂዎች የሚቆሙበትን ሰልፍ ይምረጥ። በመጀመሪያው ቀን «ስላይት» ይበል። ስንት እንደበላ ደግሞ ራሱ ይቁጠር፤ ሲጠየቅ እውነቱን ይናገር፣ የአገሩ ስም ይነሳበታል።

እትዬ፦ ረቡዕም ሆነ ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምም ቢሆን፣ ቁርስ አያሳስበውም በልልኝ። ካህናቱ የፈቀዱለት ሰዓት ሲደርስ ሄዶ ይሰለፍ።

መርከበኛው፦ በጾም ቀንማ ከቀትር በኋላ ነው የሚበላው፣ የጠዋቱ ሻጭ በዚያ ሰዓት ሄዷል።

እትዬ፦ የማታው አለ አላልከኝም? ሴንት ጄምስ ይሂድ።